ባለቤቴ አልቅሳ ሳትጨርስ ትስቃለች፤ እኔ ደግሞ ሁሉን ነገር እደብቃታለሁ

ጥያቄው፦ «የ31 ዓመት ወጣት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ሁለት ዓመታችን ነው። እሷ 28 ዓመቷ ነው። የዛሬ ስምንት ወር አባቷ በድንገት አረፉ። በጣም ይቀራረቡ ነበር። ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ቤትም ውስጥ የምትሠራውን ትሠራለች። ግራ የገባኝ ግን፣ ማታ ስታለቅስ ቆይታ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከእህቷ ጋር በስልክ ከት ብላ ትስቃለች። አንድ ሳምንት ደህና ትሆንና በሚቀጥለው እንደ መጀመሪያው ቀን ትሆናለች። ሐዘን አምስት ደረጃ አለው ሲባል አንብቤ የት ላይ እንዳለች ማወቅ አቃተኝ። እኔም ሥራ ላይ መከራዬን እያየሁ ነው። አለቃዬ የሁለት ሰው ሥራ ጭኖብኛል። የሠራሁትንም የራሱ አድርጎ ያቀርባል። ግን አባቷን ላጣች ሴት ስለ ቢሮ ምን ብዬ አማርራለሁ? ዝም እላለሁ። ባለፈው ወር ስመኘው ለነበረ ሥልጠና ስመረጥ እንኳ ለሦስት ሳምንት ደበቅኳት። በሐዘኗ ላይ መደሰት መሰለኝ። ከሌላ ሰው ስትሰማ ‹አንተ እኮ ከዚህ ቤት ከወጣህ ቆየህ› አለችኝ። ጓደኞቼ ‹ልጅ ውለዱ፣ ያስረሳታል› ይሉኛል። ሐዘኗ የጤና ነው? መቼስ ያበቃል? እኔስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

በጻፍከው መሠረት የባለቤትህ ሐዘን የጤና ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የአንተ ዝምታ ነው። ወደሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን እነዚያን አምስት ደረጃዎች ከጭንቅላትህ አውጣቸው።

ደረጃዎቹን እ.ኤ.አ. በ1969 ያስተዋወቀችው ኤልዛቤት ኩብለር-ሮስ የምትባል የአእምሮ ሐኪም ናት። መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል። ያኔ ያነጋገረቻቸው ሰዎች ግን ዘመድ የሞተባቸው አልነበሩም። ራሳቸው በማይድን በሽታ ተይዘው ሞታቸውን የሚጠባበቁ ሕሙማን ነበሩ። ነገሩ ወደ ሐዘንተኛው የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ በዚያ ቅደም ተከተል ያዝናል የሚለውም በጥናት አልጸናም። ስለዚህ «የት ደረሰች?» እያልክ አትከታተላት። የምትወጣው መሰላል የለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ ነገር ብዙ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። ሐዘንተኛዋ ራሷ «እስካሁን መቀበል ነበረብኝ» ብላ ስትጨነቅ፣ አጠገቧ ያለው ሰው ደግሞ «ገና ቁጣው ላይ ነሽ» እያለ ሲመድባት።

የባለቤትህን ሁኔታ በደንብ የሚገልጸው ሌላ ሐሳብ ነው። ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ነው። እንደነሱ አባባል ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል። አንዴ ከሞተው ሰው ጋር ይሆናል፤ ያለቅሳል፣ ይናፍቃል፣ ፎቶ ያያል፣ «ምነው ያን ቀን ደውዬለት ቢሆን» ይላል። አንዴ ደግሞ ወደ ኑሮው ይመለሳል፤ ሥራ ይሠራል፣ ቤቱን ያስተካክላል፣ ይጫወታል፣ ለጥቂት ሰዓት ይረሳል። ጤናማ የሚባለው ይሄው መመላለሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሐዘን ውስጥ መቀመጥ ሰውን ያደቅቃል። ቀኑን ሙሉ ከሐዘን መሸሽም ሌላ መዘዝ አለው። ሚስትህ በአንድ ምሽት ሁለቱንም ታደርጋለች። ልቅሶዋም የእውነት ነው፣ ሳቋም የእውነት ነው።

ስለዚያ ስልክ አንድ ነገር ልጨምር። እህቷም እኮ ያጣችው ያንኑ አባት ነው። ምናልባት የሚስቁት ስለሱ ይሆናል። ይናገረው ስለነበረው ነገር፣ ስለ አንድ ልማዱ፣ ልጆች ሳሉ ስላደረገው። አንተ በር ላይ ቆመህ «አሁን አልቅሳ አሁን ሳቀች» ከምትል፣ ስልኩን ስትዘጋ «ምን አስቆሽ?» በላት። ካልፈለገች አትነግርህም። ከነገረችህ ግን አማችህን ከዚህ በፊት ባላወቅከው መልኩ ታውቀዋለህ።

መቼ ያበቃል ላልከው ጥያቄ፣ የሚቆረጥ ቀን የለውም። የሥነ ልቦና ሊቁ ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጽሑፉ ሐዘንን ልብን ከሞተው ሰው ቀስ በቀስ የማላቀቅ ሥራ አድርጎ ነበር ያየው። ሥራው ሲያልቅ ሰው ነጻ ይሆናል ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1920፣ ሶፊ የምትባለው ሴት ልጁ ሞተችበት። በ1929፣ በሕይወት ብትኖር 36 ዓመት የሚሞላት ቀን ላይ፣ ልጁ ለሞተበት ወዳጁ ደብዳቤ ጻፈ። የመጀመሪያው ከባድ ሐዘን እንደሚበርድ፣ ግን መጽናናት እንደማይገኝና የሞተውን ሰው የሚተካ እንደሌለ ነገረው። ይህን የሚለው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው! ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ከሞተ ሰው ጋር በልብ ያለ ትስስር መቀጠሉን እንደ በሽታ አያዩትም። ባለቤትህ አባቷን አትረሳም። አንተም እንድትረሳ አትጠብቅ። የሚለወጠው የሐዘኑ ብዛትና ድግግሞሽ ነው። ማዕበሉ ይራራቃል፤ ሲመጣም ቶሎ ያልፋል።

እግረ መንገድህን ይህንንም ያዝ። ከአራት ወር በኋላ አባቷ ያረፉበት ቀን ዓመት ይሞላዋል። ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ ያሉት ሳምንታት ሊከብዷት ይችላሉ። የልደቷ ቀን፣ አባቷ ይደውልላት የነበረበት ሰዓት፣ እሱ የሚወደው ዘፈን በድንገት ሲሰማ፣ እነዚህም እንደዚያው ናቸው። «ደህና ሆና ነበር፣ ምን ነካት?» ከማለትህ በፊት ቀን መቁጠሪያውን እይ።

አሁን ወደ ዝምታህ ልመለስ። ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ለምን ዝም እንዳልክ ይገባኛል። ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ከፍቅር የመጣ ነው። ግን በስሌትህ ውስጥ ስህተት አለ። ዝም ብል ሸክሟ ይቀልላታል ብለሃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ስትሮብን ጨምሮ የሆላንድ ተመራማሪዎች ልጅ የሞተባቸውን ባልና ሚስቶች አጥንተው ውጤቱን አወጡ። ጥያቄያቸው፣ አንዱ ሌላውን ላለማሳዘን ብሎ ስሜቱን ሲይዝ ምን ይሆናል የሚል ነበር። ያገኙት መልስ፣ ስሜቱን የሚይዘው ሰው ሐዘን ይብሳል፤ ሊጠብቃት የፈለገው የትዳር ጓደኛው ሐዘንም ይብሳል። የእናንተ ጉዳይ የልጅ ሞት አይደለም፤ አንተ የደበቅኸውም ሐዘን ሳይሆን ብስጭትና ደስታ ነው። ስለዚህ ጥናቱ በቀጥታ ስለ እናንተ ነው አልልህም። ግን ነገሩ የሚሠራበት መንገድ ያው ይመስለኛል። ሰው ስሜቱን ሲይዝ ጉልበቱ እዚያ ላይ ያልቃል። ለቁምነገርም ለጨዋታም የሚተርፈው የለም። አጠገቡ ያለው ሰው ደግሞ የሚያየው መራቁን እንጂ ምክንያቱን አይደለም።

እሷን አስብ። አባቷ በድንገት ነው የሄደው። ደህና ሁን ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘችም። በዚህ ላይ ቤት ስትገባ ባሏ ፊቱን አጥቁሮ፣ ሞባይሉ ላይ አፍጥጦ፣ «ምንም አልሆንኩም» ይላል። «ምንም» የሚለውን ቃል እሷ «አንቺን አያገባሽም» ብላ ነው የምትሰማው። «ከዚህ ቤት ከወጣህ ቆየህ» ያለችህ ለዚህ ነው። ወንድሜ፣ ያ ስድብ አልነበረም። ናፍቃህ ነው።

«የሷ ሐዘን ይበልጣል፣ የኔ ብስጭት ምን አላት?» የሚለውን ደግሞ ተወው። ቶማስ ሆምዝ እና ሪቻርድ ሬ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 ሰውን የሚያናጉ 43 የሕይወት ክስተቶችን ዘርዝረው ነጥብ ሰጥተዋቸው ነበር። የቅርብ የቤተሰብ አባል ሞት 63 ነጥብ አለው። ከአለቃ ጋር አለመስማማት 23። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ማግባት ራሱ 50 ነጥብ ማግኘቱ ነው። ደስታም ቢሆን ኑሮን ያናጋል፣ መላመድ ይጠይቃል ማለት ነው። የሁለት ዓመት ትዳር ገና እየተላመደ ያለ ቤት ነው። ነጥቦቹ የብዙ ሰው አማካይ ግምት ናቸው፤ የአንድን ሰው ሕመም አይለኩም። ዝርዝሩ ግን የሚያወዳድር ሳይሆን የሚደምር ነው። ያንተም ጭንቀት ድምሩ ውስጥ አለ። ብትደብቀውም ቤት ገብቷል።

ስለ ሥልጠናው የሠራኸው ስህተት ከሁሉም ይበልጥብኛል። ችግርን መደበቅ የተለመደ ነው። ደስታን መደበቅ ግን አንድ ቤት ውስጥ ያለችውን ትንሽ መብራት ማጥፋት ነው። ሼሊ ጌብል የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሥራ፣ መልካም ዜናን ለሌላ ሰው መንገር ዜናው ራሱ ከሚሰጠው በላይ ደስታ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ሰሚው ከልቡ ጓጉቶ ሲጠይቅና አብሮ ሲደሰት ደግሞ ትዳሩ ይጠነክራል። አንተ ይህን ዕድል ለሦስት ሳምንት ነፈግሃት። ስምንት ወር ሙሉ ሰው ሲያጽናናት ነው የቆየው። አንድ ጊዜ እንኳ እሷ ለሌላ ሰው እልል ብትል ምን ያህል ይቀላት እንደነበር አስብ። ሐዘንተኛ ማለት ደስታን የማይችል ሰው አይደለም። ያዘነ ሰው ሁሉም እያዘነለት ሲኖር ከሰው ተራ የወጣ ይመስለዋል።

ጆን ጎትማን የሚባለው የትዳር ተመራማሪ አዲስ ተጋቢዎችን ለስድስት ዓመት ተከታትሎ የዘገበው ነገርም እዚህ ጋ ይገባል። ባልና ሚስት ቀኑን ሙሉ ትንንሽ ጥሪ ይላላካሉ። «ያችን ወፍ አየሃት?» «ዛሬ ቢሮ ምን ሆነ መሰለህ?» ትንፋሽ ማውጣት እንኳ ጥሪ ነው። ትዳራቸው የጸናው ለእነዚህ ጥሪዎች ከመቶ 86ቱን ጊዜ ምላሽ ይሰጡ ነበር። የተፋቱት ግን 33ቱን ብቻ። ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዘው፤ እያንዳንዱን ጥሪ እየቆጠርክ እንድትኖርም አልፈልግም። የምልህ፣ ትልቅ ንግግር እስክታደርጉ አትጠብቅ። እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ «ዝናቡን እየው» ስትል ተነስተህ አብረሃት እይ።

ስለ ሥራህ። ሥራ ሰውን ሲያዝለው ሦስት ምልክት እንዳለው የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀምጣል። ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም መጥላት፣ እና «የምሠራው አይረባም» የሚል ስሜት። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳብራራው ይህ በሽታ ሳይሆን በሥራ ቦታ ያለ ጭንቀት በአግባቡ ሳይያዝ ሲቀር የሚመጣ ነገር ነው። ስለዚህ መፍትሔው ግማሹ ቢሮህ ውስጥ ነው ያለው፤ ሚስትህ ልትፈታልህ አትችልም። የተጫነብህን ሥራ በሙሉ በጽሑፍ ዘርዝር። ከዚያ ለአለቃህ «በዚህ ሳምንት የትኛው ይቅደም? የትኛው ይቆይ?» ብለህ በኢሜይል ጠይቀው። በቃል ከተነጋገራችሁም በኋላ የተስማማችሁበትን በአጭሩ ጽፈህ ላክለት። የሠራኸውንም ሥራ በየደረጃው ለሚመለከታቸው ሰዎች ሁሉ በኢሜይል አሳውቅ። ስምህ ያለበት ነገር ሲበዛ የራሱ ለማድረግ ይቸግረዋል። አለቃህን ይለውጠዋል ብዬ ቃል አልገባልህም። ካልተለወጠ ሌላ ሥራ መፈለግ መብትህ ነው። ግን ሌላ ሳትይዝ በንዴት አትልቀቅ። ቤታችሁ በዚህ ዓመት ሌላ ድንገተኛ ነገር የሚሸከም አይመስለኝም።

ልጅ ውለዱ ለሚሉህ ጓደኞችህ መልሴ አይሆንም ነው። ልጅ ከፈለጋችሁ ውለዱ፤ ሁለታችሁም ስለፈለጋችሁ። ለማስረሻ ግን አይወለድም። እርግዝናና አራስነት በራሳቸው ሰውነትንም ስሜትንም ይፈትናሉ። አዲስ እናት የምትሆን ሴት ደግሞ «አባቴ ልጄን ሳያይ» የምትልበት ቀን ብዙ ነው። ሕፃኑም የሟች ምትክ ሆኖ መምጣት የለበትም። የዓመቱ ቀን ይለፍ። ከዚያ ተነጋገሩበት።

አሁን ጥንቃቄ ስለሚፈልጉት ነገሮች። የዓለም ጤና ድርጅት የተራዘመ ሐዘን የሚባለውን በበሽታ መደብ ውስጥ አስገብቷል። እንዲህ ለማለት ከሞቱ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ማለፍ አለበት። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ግን ለአዋቂ ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ነው። ባለቤትህ ስድስት ወር አልፏታል። ጊዜው ብቻውን ግን ምርመራ አይሆንም። ናፍቆቱ በየቀኑ ሳያባራ ሲቀጥል፣ ሰውዬው ሥራና ግንኙነት ሲያቅተው፣ ሞቱን ጨርሶ ማመን ሲሳነው ወይም ሕይወት ትርጉም ሲያጣበት ነው የሚታሰበው። የምትሠራ፣ የምትስቅ፣ ከእህቷ ጋር የምታወራ ሴት ይህን አትመስልም። ነገር ግን መብላትና መተኛት እያቃታት ከሳምንት ሳምንት ከቀጠለ፣ ከሰው ሁሉ ከራቀች፣ በአባቷ ሞት ራሷን ያለማቋረጥ ከወቀሰች፣ ወደ ባለሙያ ውሰዳት። «እሱ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ» ወይም «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ከሰማህ ቀጥታ ጠይቃት፣ «ራስሽን ስለማጥፋት ታስቢያለሽ?» ብለህ። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርባትም። አዎ ካለችህ ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ድረሱ። ይህ ሁሉ ለአንተም ይሠራል። በመጠጥ እንቅልፍ መፈለግ ከጀመርክ ወይም ጠዋት መነሳት ካቃተህ አንተም ታከም።

የእኔ መልስ ገደብ እንዳለው እወቅ። የሰማሁት ያንተን ብቻ ነው። እሷ ብትጽፍልኝ ሌላ ታሪክ ይኖራት ይሆናል። የትዳር አማካሪ ቢያነጋግራችሁ ደስ ይለኛል፤ ግን መጀመሪያ ይህን ለስድስት ሳምንት ሞክሩት።

በየምሽቱ 20 ደቂቃ ያዙ። ሞባይል ሌላ ክፍል ይቀመጥ። አሥር ደቂቃ አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይሰማል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ሰሚው መፍትሔ አይሰጥም። «ተይው»፣ «በርቺ»፣ «ጊዜ ይፈታዋል» የሚባል ነገር የለም። ያልገባውን ብቻ ይጠይቃል። አንተ በየቀኑ ሁለት ነገር ትነግራታለህ፤ አንድ ያበሳጨህን፣ አንድ ያስደሰተህን፣ ትንሽም ቢሆን። እሷ የፈለገችውን ታውራ፤ ስለ አባቷ ከሆነ ስሙን አንተም ጥራው። ብዙ ሰው ሐዘንተኛ ፊት የሟችን ስም መጥራት ይፈራል። እሷ ግን ልቧ ውስጥ ሲጠራ ነው የሚውለው። ንግግሩ ወደ ጭቅጭቅ ከዞረና ልብህ ሲደልቅ ከታወቀህ፣ «ትንሽ ልረፍና እመለሳለሁ» ብለህ ቢያንስ 20 ደቂቃ ተነስ። የተቆጣ ሰውነት ብዙ ጊዜ ከዚያ ባነሰ ጊዜ አይረጋጋም። መመለስህን ግን እንዳትረሳ።

ዛሬ ማታ ከሥልጠናው ጀምር። ይቅርታውን አታስቀድመው። እንዴት እንደተመረጥክ፣ ስትሰማ የት እንደነበርክ፣ ለማን ለመንገር ስልክ አንስተህ እንደመለስክ ንገራት። ከዚያ ለምን እንደደበቅካት ንገራት፣ በጻፍክልኝ ቃል። ካለቀሰች አታባብላት። ከሳቀችም አብረሃት ሳቅ።